«ጀሪካን»፦ ለሚሸነፍ ተጫዋች የምሠራው ጌም የሥራ ማስታወሻ

መስከረም፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል

ከዛሬ ጀምሮ ሥራውን እግር በእግር እጽፋለሁ። የምሠራው ለስልክ የሚሆን አነስተኛ የቪዲዮ ጌም ነው፤ ስሙን «ጀሪካን» ብዬዋለሁ። አንዲት ልጅ ባለ 5 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይዛ ከቦኖ ውኃ ትቀዳለች፤ የቱሉ ዲምቱን ጭቃ አቋርጣ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ወጥታ፣ አራተኛ ፎቅ ለእናቷ ታደርሳለች። ማሸነፍ ማለት ይኸው ነው፤ አጭር ነው፣ ያን ያህልም አይከብድም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላው ወገን ነው። ልጅቷ ስትወድቅ፣ ውኃው ሲደፋ፣ ሲመሽባት ምን ታገኛለች? ጌሙ ውስጥ የምደብቃቸውን ደስ የሚሉ ነገሮች በሙሉ ያልተሳካለት ተጫዋች ብቻ እንዲያገኛቸው አድርጌ ነው የምሠራው።

ምክንያቱ ያለው ከሱቄ ግድግዳ ማዶ ነው። የሞባይል ጥገና ሱቄ ከአንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ልጆቹ የሚከፍሉት በጨዋታ ነው፤ ልማዱም በብዙ ሰፈር እንዳለው «ተሸናፊ ከፋይ» ነው። እናም ጎበዙ ልጅ ሲያሸንፍ ውሎ ምንም ሳይከፍል ወደ ቤቱ ይሄዳል። ገና የሚማረው ልጅ ግን ገንዘቡን ከፍሎ፣ ጆይስቲኩን ለሚቀጥለው አስረክቦ፣ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ከሁሉ አብልጦ መጫወት የሚያስፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ ከሁሉ አሳንሶ የሚጫወተው እሱ ነው። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። የቤቱ ባለቤት ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ኪራይ አለበት፣ ሒሳቡን ሊቀይረው አይችልም። እኔ ልቀይር የምችለው ጌሙን ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1980 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዋረን ሮቢኔት የሚባል ሰው ለአታሪ ኩባንያ «አድቬንቸር» የተባለ ጌም ሠርቶ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያነሣለት በአንድ ስውር ክፍል ውስጥ የደበቀውን የራሱን ስም ነው፤ ኩባንያው በዚያን ጊዜ የሠሪዎቹን ስም በጌሞቹ ላይ አያወጣም ነበርና። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ የምወደው ዘንዶውን ነው። ዘንዶው ሲውጥህ ጨዋታው አይዘጋም፤ ሆዱ ውስጥ ሆነህ ትቀመጣለህ። ዕቃ እየሰረቀች የምትዞር አንዲት የሌሊት ወፍ አለች፤ ትዕግሥት ካለህ እሷ መጥታ ዘንዶውን ራሱን አንተን በሆዱ እንደያዘ ታነሣውና ከክፍል ክፍል እያዞረች አገሩን ታሳይሃለች። ዘንዶውን የገደለ ጀግና ይህን ጉዞ አያገኘውም።

መስከረም መጨረሻ

መሣሪያዬ ጎዶት የሚባል የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አሮጌ ላፕቶፕም አያስጨንቅም። ፊደላችንን በደንብ እንዲያሳይልኝ የኖቶ ኢትዮፒክን ቅርጸ ፊደል አስገብቻለሁ።

የመጀመሪያው ሥራ የልጅቷ አካሄድ ነበር። ማለዳ ቦኖው አጠገብ ቆሜ የሚቀዱትን ልጆች አየሁ። የሞላ ጀሪካን የያዘች ልጅ ጀሪካኑ ወዳለበት ጎን አታዘነብልም፤ ወደ ተቃራኒው ነው የምታዘነብለው። ባዶውን እጇን እንደ ክንፍ ትዘረጋለች። እግሯን አጠር አጠር አድርጋ ነው የምትረግጠው፤ ውኃው ውስጥ ለውስጥ ሲላጋ ጉልበቷ ላይ ይጎትታታልና። ይህን ወደ ኮድ መለወጥ ብዙ ምሽት ወሰደ። አሁን ልጅቷ ስትቆም ውኃው ገና መወዛወዙን አያቆምም፤ በድንገት የቆመ ተጫዋች የሚወድቀውም በዚህ ነው።

መሬቱ መረሬ ነው። የአቃቂ መሬት ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ ሲደርቅ ደግሞ ሕፃን እግሩን ሊያስገባበት የሚችል ስንጥቅ ያወጣል። ሁለቱንም አስገብቻለሁ።

ውድቀቱን ስሠራ «ፕሪንስ ኦፍ ፐርዥያ»ን መልሼ ከፈትኩት። ጆርዳን መክነር በ1989 ለአፕል ቱ ኮምፒውተር ያወጣው ጌም ነው። የማሽኑ ማኅደረ ትውስታ ሞልቶ ለአዲስ ገጸ ባሕርይ ሥዕል ቦታ ስላልነበረው፣ የልዑሉን ምስል ጥቂት አዛንፎ በራሱ ላይ በመደረብ የሚብለጨለጭ ጥላ ፈጠረ። ይህ ጥላ በስድስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ልዑሉ ዘሎ ሊሻገር ሲል በሩን ይዘጋበታል። ልዑሉ ይወድቃል፤ ተጫዋቹም አበቃልኝ ይላል። የወደቀበት ግን ሰባተኛው ምዕራፍ ነው፤ መንገዱ በውድቀቱ በኩል ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ጥላው ሰይፍ መዝዞ ይጠብቀዋል። ጥላውን በመታኸው ቁጥር የምትቆስለው አንተው ነህ፤ ገደልኩት ስትል አብረህ ትሞታለህ። ሞተህ ካላየኸው በቀር ሰይፍህን ወደ አፎቱ መመለስ እንዳለብህ ማን ይነግርሃል? መክነር ለተሸናፊው የሰጠው እውቀት ነው፤ በሌላ መንገድ የሚሰጥ አይመስለኝም።

ጥቅምት መግቢያ

ሦስት ዓይነት ውድቀት ወሰንኩ፦ መንሸራተት፣ ጉድጓድ መግባትና መምሸት። እያንዳንዱ የየራሱ ስጦታ ይኖረዋል።

ጉድጓዱ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ያለ የቧንቧ ቁፋሮ ነው። ዙሪያው በድንጋይና በእንጨት ታጥሯል፤ ጠንቃቃ ተጫዋች በቀላሉ ያልፈዋል። እዚህ ላይ በልቤ የነበረው በ1996 የወጣው «ቶምብ ሬይደር» ነው። በሚዳስ ቤተ መንግሥት ውስጥ የፈረሰ ግዙፍ ሐውልት እጅ ወድቆ ይገኛል። ተጫዋቹ የእርሳስ ማዕድን ጡቦችን እጁ ላይ እያስቀመጠ ወርቅ ያደርጋቸዋል። ግን የጌሙን ጀግና ላራን ራሷን እጁ ላይ ያወጣት ሰው ምን ያያል? ከእግሯ ጀምራ ወርቅ ሆና ትቀራለች። ሞት ነው፤ ሠሪዎቹ ግን ያን ሞት እንደ ጌጥ አሳምረው ሠርተውታል። «ይህን ብነካውስ?» ያለን ልጅ ሳይንቁ መልስ ሰጥተውታል።

የእኔ ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ቆፋሪዎቹ ናቸው። ልጅቷ ስትወድቅ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ሲበራ አራት ሠራተኞች ዶማቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ምሳ ሲበሉ ታገኛቸዋለች። አንደኛው ቀና ብሎ «እንብላ!» ይላል። እጁ ጉርሻ ይዞ ወደ ስክሪኑ ይመጣል፤ ተጫዋቹ ጣቱን ሲያስጠጋ ልጅቷ አፏን ትከፍታለች። ጉርሻዋ ከአፏ በመጠኑ መብለጥ አለባት፤ ያለዚያ ጉርሻ አትባልም። ጉንጯ ሲያብጥ በሦስት ሥዕል አሳየሁት። ሲጨርሱ በትከሻቸው ተቀባብለው ያወጧታል። ውኃው ግን ፈስሷል፤ ወደ ቦኖው መመለስ አለባት። ውኃውንም ልመልስላት ወይ ብዬ ብዙ አሰብኩበትና ተውኩት። ውድቀቱ እውነተኛ ውድቀት ሆኖ ካልቀረ ጉርሻው ዋጋ ያጣል።

ጥቅምት፣ መብራት በጠፋበት ሳምንት

ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው በወረቀት ያቀድኩትን አስገባለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው። የፕሌይስቴሽኑ ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ሱቄ በር ላይ ተሰብስበዋል። አንዱ የወንድሙን ስልክ ይዞ ዳይኖሰሯን ያስዘልላል።

ዳይኖሰሯን የማያውቅ ልጅ እዚህ የለም። በጎግል ክሮም ኢንተርኔት ሲቋረጥ የምትመጣው ናት። በ2014 ነው የገባችው። የሠሩት ሰዎች ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ ግንኙነት ማጣት ወደ ዘመነ ዳይኖሰር እንደመመለስ ነው፤ ስለዚህ ዳይኖሰሯ ትቀበልህ። ኢንተርኔቱ አልቋረጥ ላለው ሰው ይህች ጨዋታ እንደሌለች ናት። ዳር ከተማ ያለ ልጅ ግን ሺህ ጊዜ ተገናኝቷታል። ልጆቹ ከቁልቋል ቁልቋል ሲያስዘልሏት የሚሰማቸውን ደስታ ሳይ፣ በዓለም ላይ በውድቀት ብቻ ከሚገኙ ስጦታዎች ሁሉ ብዙ ሕፃን የደረሰችው እሷ ሳትሆን አትቀርም እላለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ከነቁልቋሉ ሥያት ለጥፌአለሁ።

ጥቅምት መጨረሻ

የዚህ ጌም ልብ ይህ ስለሆነ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ልጅቷ ተንሸራትታ ውኃው ሲደፋ፣ ጌሙ የተደፋበትን ቦታ በሁለት ቁጥር ይመዘግባል፤ አንዱ አግድሙን፣ አንዱ ከፍታውን። በሚቀጥለው ጉዞ እዚያ ቦታ ላይ መሬቱ ጠቆር ብሎ ይታያል። በሚቀጥለው ሰርዶ ይበቅላል። ልጅቷ እዚያው አካባቢ እንደገና ከደፋች አደይ አበባ፣ አሁንም ከደፋች ግራዋ ይወጣል። ፋይሉ ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጌሙ ተዘግቶ ሲከፈትም የበቀለው በቦታው ነው። አንድም ጠብታ ሳይደፋ የሚያልፍ ተጫዋች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያየው ጥቁር አፈርና አቧራ ብቻ ይሆናል። አብዝቶ የሚወድቅ ተጫዋች መንገድ ለምለም ነው።

ዝርዝሩ ላይ ነው ድካሙ። ተቀራርበው የተደፉት ሁሉ ለየብቻ ቢበቅሉ መንገዱ ጫካ ይሆናል፤ ስለዚህ በአንድ እርምጃ ውስጥ ያሉትን አንድ ላይ ደመርኳቸው። የተክሉም ብዛት ጣሪያ አለው፤ አለበለዚያ በርካሽ ስልክ ላይ ጨዋታው ይንተፋተፋል። ቆጣሪው ግን ጣሪያ የለውም። «ፓክማን» የምዕራፉን ቁጥር የሚይዘው ከ255 በላይ በማይቆጥር ቦታ ስለነበር፣ 256ኛው ምዕራፍ ላይ ግማሽ ስክሪኑ ተበላሽቶ ፊደልና ቁጥር ይዘበራረቅበታል። ብዙ ጊዜ በመውደቋ ምክንያት ጌሙ የሚበላሽባት ልጅ እንድትኖር አልፈልግም፤ ለቆጣሪው ሰፊ ቦታ ሰጥቼዋለሁ።

ቀለሙም አስቸገረ። በጥቁር አፈር ላይ ጥቁር አረንጓዴ ፀሐይ ላይ ጨርሶ አይታይም፤ ልጆቹ ደግሞ የሚጫወቱት ደጅ ነው። የሰርዶውን ጫፍ ወደ ቢጫ አቀረብኩት፤ የግራዋውን ቅጠል ከታች በኩል ነጣ አደረግኩት። ግራዋ በእውነትም የቅጠሉ ጀርባ ነጣ ያለ ነው፤ ነፋስ ሲመታው ስክሪኑ ላይ ብልጭ ይላል።

የመጨረሻው ውሳኔ ትልቁ ነው። ግራዋው መያዣ ይሆናል። ልጅቷ ደጋግማ በተንሸራተተችበት ቦታ የበቀለውን ቅርንጫፍ ይዛ ማለፍ ትችላለች። ማንም አይነግራትም፤ ቀስት የለም፣ ጽሑፍ የለም። እጇን ስትዘረጋ ቅርንጫፉ ጎንበስ ይላል።

ኅዳር፣ ከሚካኤል ማግስት

የኅዳር ጭስ ገና ከሰፈሩ አልወጣም። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጆቹ ሰጠኋቸው። የፕሌይስቴሽኑ ቤት ባለቤት አንዱን ስልክ ለዚሁ ሥራ ለቀቀልኝ፤ ሌላው የእኔ ነው።

በቤቱ አንደኛ የሚባለው ልጅ የእኔን ስልክ ተቀበለ። ጣቱ ፈጣን ነው፤ ሳይደፋ አራተኛ ፎቅ ደረሰ፤ ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ ደረሰ። «ጥሩ ነው ጋሼ» አለና ስልኩን መለሰልኝ። በአክብሮት ነው፤ አልወደደውም።

ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ትመስለኛለች። ሁልጊዜ በር ላይ ቆማ የምታይ እንጂ ስትጫወት አይቻት አላውቅም። ጉድባው ላይ ወደቀች። ተመልሳ ቀድታ መጣች፤ እዚያው ወደቀች። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ፤ ስክሪኑን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ጋሼ፣ ይህ ሣር ቅድም ነበር እንዴ?»

ዝም አልኩ። እንደገና ደፋች፤ አሁን ግን ዓይኗ ከልጅቷ ይልቅ ከመሬቱ ላይ ነው። አደዩ ሲወጣ ጮኸች። አንደኛው ልጅ ዞሮ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «የእሷ ለምን አረንጓዴ ሆነ? የእኔ እኮ እንዲህ አይደለም!» ልጅቷ ስልኩን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «አንተ አትወድቅማ!» አለችው።

ይህንን ለመስማት ነበር የምሠራው።

ኅዳር፣ ሦስተኛው ሳምንት

አንደኛው ልጅ ምስጢሩን ከደረሰበት ወዲህ ሥራው ውኃ መድፋት ሆኗል። ቦኖው ሥር ቆሞ ጀሪካኑን ይገለብጣል፣ ይሞላል፣ ይገለብጣል። የፕሌይስቴሽኑ ቤት ባለቤት «ይህ ጨዋታ ሊሆን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ውድቀት ከተሸለመ፣ ሁሉም እያወቀ ይወድቃል።

«ፖርታል 2» (2011) ለዚህ መልስ አለው። ዊትሊ የሚባለው ሮቦት ተጫዋቿን ወደ ጥልቅ ጉድጓድ እንድትዘል በጣፋጭ ተስፋ ያባብላታል። ወጥመድ መሆኑ ለሕፃንም ግልጽ ነው። ግን የዘለለ ሰው ይሠራል ብሎ እንዳልጠበቀ የሚናገረውን የዊትሊን ድንጋጤ ይሰማል፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ሽልማትም አለ። እያወቀ የሚወድቅ ተጫዋች ሠሪውን እየጠየቀ ነው፤ ጥያቄው መልስ ይገባዋል፤ የመልሱ ዓይነት ግን ከልቡ ሞክሮ ከወደቀው ጋር አንድ መሆን የለበትም።

ስለዚህ እንዲህ አደረግኩ። ጭቃው፣ ባጃጁ ወይም ውሻው ያስደፋው ውኃ ያበቅላል። ሆን ተብሎ የተገለበጠ ውኃ ግን አያበቅልም፤ በምትኩ ቦኖ ጠባቂዋ ትመጣለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች «ልጄ፣ ይህን ውኃ ስንቱ ወረፋ ይዞለታል!» ትላለች። ደግሞ ከገለበጠ «እናትሽን አውቃታለሁ፤ ዛሬ ማታ ቤት እመጣለሁ» ትላለች። ከዚያም በኋላ ከገለበጠ ትመጣለች፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ከእናትየው ጋር ቡና እየጠጡ ያገኟታል። ልጁ እዚህ ሲደርስ ሳቁ ሱቄ ድረስ ተሰማኝ።

ቦኖ ጠባቂዋን ከፈጠርኩ በኋላ ደግሞ ብዙ አፍ ሰጠኋት። በ2020 የወጣው «ሄዲስ» ውስጥ ተጫዋቹ በሞተ ቁጥር ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ በር ላይ ያለው ሂፕኖስ የሚባል ገጸ ባሕርይ ምን እንደገደለው ከመዝገቡ አይቶ አስተያየት ይሰጠዋል። የእኔዋም ምን እንዳስደፋሽ ታውቃለች። «ያቺን ጉድባ ዛሬም አልዘለልሻትም?» «ባጃጁ ነው አይደል? ጥሩምባ ንፋ ብዬ ነግሬዋለሁ።» ከሁሉ የምወደው ግን ወረፋው ላይ የሆነውን ነው። ቦኖው ላይ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቀዳ ልጅ ተራዋን መጠበቅ አለባት። ደፍታ የተመለሰች ልጅ ስትመጣ ግን ከሴቶቹ አንዷ «ደፍታባት ነው፣ አስቀድሟት» ትላለች፤ ሰልፉ ይከፈታል። በእውነተኛው ቦኖ ያየሁት ነው፤ ምንም አልጨመርኩበትም።

ታኅሣሥ መግቢያ

ስለ እርዳታ ጥቂት ልጻፍ። ኒንቴንዶ በ2009 ባወጣው «ኒው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ዊ» ውስጥ ተጫዋቹ አንድ ምዕራፍ ላይ 8 ጊዜ ከሞተ አረንጓዴ ሳጥን ይወጣል፤ ሲመታው የማሪዮ ወንድም ሉዊጂ መጥቶ ምዕራፉን ተጫውቶ ያሳየዋል። በ2011ዱ «ሱፐር ማሪዮ ስሪዲ ላንድ» ደግሞ 5 ጊዜ ለሞተ የማይበገር የሚያደርግ ቅጠል ይሰጣል። አሳቢነቱን አከብራለሁ። ጌሙን ቤቱ ብቻውን ለሚጫወት ልጅ ጥሩ ነው። ከኋላው ዘጠኝ ልጅ ቆሞ በሚያይበት ክፍል ውስጥ ግን ያ ሳጥን አዋጅ ነው። በ2015 የወጣው «ሜታል ጊር ሶሊድ 5» የሚያቀርበው የዶሮ ኮፍያ ይብሳል፤ ደጋግሞ ለሞተ ተጫዋች ይቀርብለታል፣ ይረዳዋልም፣ ግን መሳለቂያ አድርጎ ነው። በእኛ ሰፈር ያ ኮፍያ ለልጁ የዘላለም ቅጽል ስም ይሆንበታል።

ቶቢ ፎክስ በ2015 «አንደርቴል» ላይ ያደረገው ከሁሉ የረቀቀ ነው። ቶሪየል የምትባለው ገጸ ባሕርይ ከተጫዋቹ ጋር ስትፋለም ጉልበቱ እያለቀ ሲመጣ እሳቷ አቅጣጫ እየቀየረ ይስተዋል፤ ልትገድለው አትፈልግም። በእሷ እጅ ለመሞት መልፋት ያስፈልጋል። ያም ሆኖ የሞተ ሰው ለቅጽበት ፊቷን ያያል፤ በድንጋጤ አፏን በእጇ ይዛለች። ያችን አንዲት ሥዕል ለጥቂት ተሸናፊ ብሎ የሠራ ሰው ተጫዋቹን ይወዳል። የግራዋው ቅርንጫፍ ሳይናገር የሚጎነበሰው ከዚህ ተምሬ ነው።

ታኅሣሥ፣ ከገና በፊት

የቀረው ምሽቱ ነው። ልጅቷ ከዘገየች ፀሐይ ትጠልቃለች፤ መንገዱ አይታይም፤ ከሜዳው ወዲያ ጅብ ይጮኻል። ቱሉ ዲምቱ ዳር የሚኖር ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ቀላሉ መንገድ እዚህ ላይ ጨዋታውን መዝጋት ነበር።

«ክሮኖ ትሪገር»ን (1995) አስታወስኩ። በመጨረሻው ጠላት በላቮስ የተሸነፈ ተጫዋች ተራ የሽንፈት ስክሪን አይደለም የሚያየው። ዓለም ሲጠፋ የሚያሳይ ለብቻው የተሠራ ትዕይንት አለ፤ መጨረሻው ላይ መጪው ዘመን አልለወጥም እንዳለ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። በመጀመሪያው ሙከራ ያሸነፈ ሰው ሳያየው ይቀራል። ትልቁ ሽንፈት ላይ ትልቅ ነገር ይቀመጥ የሚለውን ከዚያ ወሰድኩ፤ የማስቀምጠውን ግን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም።

እንቆቅልህን ያልተጫወተ ማን አለ? ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፣ «ምን አውቅልህ» ይባላል፣ ጥያቄው ይመጣል። ያወቀ ልጅ መልሱን ይናገራል፤ በዚያው አለቀ። ያላወቀው ግን አገር ይጠየቃል። «ጎንደርን ሰጠሁህ» ካለ ጠያቂው ጎንደር ይሄዳል፤ «ጎንደር ሄጄ ምን አጥቼ» እያለ የበላውን፣ የጠጣውን፣ ያየውን በግጥም ያወርዳል፤ ሳቁና ጨዋታው ያለው እዚያ ነው። መልሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሕፃን ሆነን የምናውቀውን እንቆቅልሽ አላውቅም የምንለው ለዚያ ግጥም ስንል ነበር። የተሸነፈ ልጅ አገር ሙሉ ጨዋታ የሚሰጥበት ሥርዓት እቤታችን እያለ ነው ከጃፓንና ከአሜሪካ ምሳሌ ስቆጥር የከረምኩት።

ስለዚህ ምሽቱ እንዲህ ሆነ። ጅቡ ሲጮኽ በመንገዱ ዳር አንድ የቆርቆሮ በር ይከፈታል፤ ብርሃን ይወጣል። አንዲት አሮጊት «ነይ ግቢ ልጄ፣ እስኪመጡልሽ እንጫወት» ይላሉ። እሳት አለ፣ ቆሎ አለ። «እንቆቅልሽ!» ይላሉ። «ምን አውቅልሽ» የሚለው አዝራር ይመጣል። «ሲሄድ ቢውል፣ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» መልሱ ውኃ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የተሸከመችው። መልሱን የመታች ልጅ ትመረቃለች። ያልመታች አገር ትሰጣለች። ዝርዝሩ ውስጥ ጎንደርና ሐረር ብቻ አይደሉም፤ አቃቂ፣ ገላን፣ ዱከምና ሰበታም አሉ። ለእያንዳንዱ ግጥም እየጻፍኩ ነው። የአቃቂው ይህ ነው፦

አቃቂ ሄጄ ምን አጥቼ፣
ቆሎዬን ቆርጥሜ ወተቴን ጠጥቼ፣
ከድልድዩ ወዲያ ከልጆች ተጫውቼ፣
ይኸው መጣሁልሽ አመሻሽቼ።

ለአንዲት ጎረቤቴ እናት አነበብኩላቸው። «ደግ ነው፤ ግን ቶሎ ቶሎ ነው የሚባለው» ብለው በራሳቸው አጣጣል አሉልኝ። ድምፃቸውን በስልኬ እንድቀዳ ፈቀዱልኝ፤ አሁን አሮጊቷ የሚናገሩት በእሳቸው ድምፅ ነው።

ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ

ድምፅ ቀርቶኝ ነበር። የሚደፋ ውኃ ድምፅ ከኢንተርኔት ማውረድ ይቻላል፤ ግን አንዱም የጀሪካን አይመስልም። ጀሪካን አፉ ጠባብ ነው፤ ውኃው ሲወጣ አየሩ እየታገለው ነው የሚገባው። «ቡልቅ» ካለ በኋላ ትንፋሽ ይወስዳል፤ ሆዱ እየጎደለ ሲሄድ ድምፁ እየወፈረ ይመጣል። በሌሊት፣ መንገዱ ጸጥ ሲል፣ ደጃፌ ላይ ቀዳሁት። ያጠፋሁትን ውኃ ያስቀመጥኩት ሳፋ ውስጥ ነው።

ጌሙ አሁን ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ይሄዳል። ምን የት እንዳለ ለማንም አልነገርኩም፤ አልናገርምም። የልጆቹ ክርክር ራሱ ሌላ ጨዋታ ሆኗል። አንዱ «ጉድጓዱ ውስጥ ያጎርሱሃል» ይላል፣ ሌላው «ውሸት ነው» ይላል፤ ጠንቃቃው ልጅ ለማረጋገጥ መውደቅ አለበት። በ1985ቱ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ጨዋታው ካበቃ በኋላ የኤን ቁልፍ ተጭኖ ስታርትን የነካ ሰው ከተሸነፈበት ዓለም መጀመሪያ ይቀጥል ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ይህን የሚናገር ምንም የለም። እንዲህ ያለ ነገር ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ነው የሚያምረው።

ያቺ የአራተኛ ክፍል ተማሪ አሁን ለሌሎች አስጎብኚ ናት። አንደኛው ልጅ እንኳን «እንዴት ነው እዚያ የወደቅሽው?» ብሎ ሲጠይቃት ሰምቻለሁ።

የሚቀረኝ ደረጃው ነው። ሲሚንቶ ላይ ሣር አይበቅልም፤ ደረጃው ላይ ለደፋች ልጅ ምን ልስጣት ብዬ ቆይቼ ነበር። መልሱን ያገኘሁት የራሴ ብሎክ ላይ ነው፦ የዘይት ጣሳ ውስጥ የተተከለ ጤና አዳም። ልጅቷ ደረጃው ላይ በደፋች ማግስት ከጎረቤቶቹ አንዱ እዚያው ጥግ ጣሳ ያስቀምጣል። እንደገና ከደፋች ሁለተኛ ጣሳ ይጨመራል። የጣሳዎቹን ሥዕል ጨርሻለሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው ከስክሪኑ ጠርዝ በጥቂት ፒክስል ይወጣል፤ ነገ እሱን አስተካክዬ አዲሱን ፋይል በፕሌይስቴሽኑ ቤት ስልክ ላይ እጭናለሁ።